በጣና ዳርቻ የዓሣ ማጭበርበርን በሳይንስ መለየት

የዓሣ ማጭበርበር ሲባል አንዱን ዝርያ በሌላው ስም መሸጥ፣ የተሰገረበትን ውኃ መዋሸት፣ በረዶ ቤት ከርሞ የቀለጠውን የዛሬ አስመስሎ ማቅረብ ወይም በውኃና በበረዶ ክብደት መጨመር ነው። ዓሣው ሙሉ ከሆነ የመጀመሪያው ማታለል አይሳካም። በባሕር ዳር የሚበሉት ዋና ዋናዎቹ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ አፉ ዙሪያም አራት ጥንድ ሪዝ አለው። ቆሮሶ በጀርባው ላይ በቆመው እሾሃም ክንፍ ይታወቃል፤ ነጭ ዓሣ ደግሞ በትላልቅ ቅርፊቱ። ቆዳው ተገፎ ፊሌቶ ሲሆን ግን እነዚህ ምልክቶች አብረው ይገፈፋሉ። ያን ጊዜ የሚቀረው ምስክር እሾህ ነው፦ የነጭ ዓሣ ሥጋ በመካከሉ ጫፉ የተሰነጠቀ ቀጭን እሾህ ይበዛዋል፣ የቆሮሶ ግን የለውም። ለዱለት ከተከተፈ ይሄም አይገኝም።

ጉዳዩ የዋጋ ብቻ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት ስለሚከለክል አምባዛ የማይቀምሱ ምዕመናን አሉ። በሌላ ስም የቀረበ አምባዛ ለእነርሱ የሕሊና ጉዳት ነው።

ዘረ መል ከመነበቡ በፊት ዓሣ የሚለየው በፕሮቲኑ ነበር። የሥጋው ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ላይ ሲጎተቱ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱን የመስመር ንድፍ ይሰጣል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ ዓሣው ጥሬ ካልሆነ ግን ብዙም አይረዳም፣ ሙቀት ፕሮቲኑን ያበላሸዋልና።

ዘረ መል የተጻፈበት ዲኤንኤ የበለጠ ጽናት አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ የእንስሳት ዝርያዎችን የሕዋስ ኃይል ማመንጫ በሆነው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ባለ የአንድ ዘረ መል አጭር ቁራጭ ለመለየት ሐሳብ አቀረቡ፤ ርዝመቱ ወደ 650 የዲኤንኤ ፊደላት ነው። ስሙን «ባርኮድ» አሉት። ሚቶኮንድሪያ በአንድ ሕዋስ ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ ጥቂቱ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል። አሠራሩ ከሥጋው ዲኤንኤ አውጥቶ፣ ኮሮና ለሁሉም ባስተዋወቀው ፒሲአር አባዝቶ፣ የፊደላቱን ቅደም ተከተል ማንበብና ከመዝገብ ጋር ማስተያየት ነው። ለተጠበሰና ለደረቀ ዓሣ ከ100 እስከ 300 ፊደላት ያለው አጭር ባርኮድ ይመረጣል፣ ረጅሙ ተቆራርጦ ሊሆን ስለሚችል። ዱለቱ የሁለት ዝርያ ቅልቅል ከሆነ ደግሞ ተራው ንባብ ይደበላለቃል፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ዘዴው ገበያን አሳፍሮ ያውቃል። ኦሺያና የተባለው የውቅያኖስ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በአሜሪካ ከሰበሰባቸው 1,215 ናሙናዎች ሲሶው በተሳሳተ ስም የተሸጠ ሆኖ ተገኝቷል።

ባርኮድ ቆሮሶን ከአምባዛ፣ ሁለቱን ከነጭ ዓሣ ያለ ችግር ይለያል። ጣና ላይ የሚያቅተው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ነጭ ዓሣ የሚባለው አንድ ዝርያ አይደለም፤ ላቤኦባርበስ የተባለ ወገን ሲሆን፣ በኔዘርላንድስ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት ወደ 15 የሚሆኑ ዝርያዎች ተለይተውበታል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር ሌላ ቦታ አይገኙም። ከዓባይ የታችኛው ክፍል የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለሚለያቸው፣ በሐይቁ ውስጥ ለየራሳቸው ኑሮ ተከፋፈሉ፦ አንዱ ዓሣ አዳኝ፣ አንዱ ታች ጭቃ ውስጥ ለቃሚ፣ ሌላው ደቂቃን ነፍሳት ተመጋቢ። መከፋፈሉ የቅርብ ጊዜ ታሪክ በመሆኑ ግን የሚቶኮንድሪያ ዘረ መላቸው ገና በግልጽ አልተለያየም። የሚለዩት በአፋቸው፣ በመንጋጋቸው፣ በዓይናቸው መጠንና በጭንቅላታቸው ቅርጽ ነው። ፊሌቶ ደግሞ ጭንቅላት የለውም። በዓለም የተመሰገነው ምርመራ እዚህ የሚሰጠው መልስ «ነጭ ዓሣ ነው» የሚል ብቻ ነው፤ ይህን ደግሞ ሻጩም ነግሮናል።

ከዚያ በላይ ለመሄድ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ካለው ዲኤንኤ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ማነጻጸር ይጠይቃል። እነዚህ ዓሦች እንደ ሰው ሁለት ሳይሆን ስድስት ስብስብ ክሮሞዞም (ዘረ መል ተሸካሚ ክር) ስላላቸው ሥራው ይከብዳል። ቢከብድም ትርፍ ድካም አይመስለኝም፤ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወደመሳሰሉ ገባር ወንዞች የሚወጡት ዝርያዎች በመረብ በቀላሉ ይጠመዳሉና፣ ፊሌቶው የየትኛው እንደነበር ማወቅ ለጥበቃው ይጠቅማል።

በቆሮሶ በኩል ነገሩ ተቃራኒ ነው። የጣናው ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ሆኖ «ታና» በሚል ስም ተመዝግቧል፤ ለዚህ ያበቃውም የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤውን በኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥን ፕሮቲን) ቆርጦ የቁራጮቹን ርዝመት ማነጻጸር ነው። በመርህ ደረጃ የጣና ነው የተባለ ፊሌቶ ከሌላ ሐይቅ መምጣቱን በዚሁ መንገድ መመርመር ይቻላል፤ ጫጩት ከሐይቅ ወደ ሐይቅና ወደ ኩሬ እየተወሰደ ከተቀላቀለ ግን ማስረጃው ይደክማል። ያን ጊዜ ዓሣው ከጠጣው ውኃና ከበላው ምግብ የሚወርሳቸው የኦክስጅን፣ የካርቦንና የናይትሮጅን አይዞቶፖች (በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) ተጨማሪ ፍንጭ ይሰጣሉ።

በረዶ ቤት የቆየን ዓሣ ትኩስ ከተባለው ለመለየት ዲኤንኤ አይረዳም። እዚያ የሚታየው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የሚቀመጥ ኢንዛይም ነው፦ የበረዶ ቅንጣት ሽፋኑን ሲቀድደው ኢንዛይሙ ወደ ሥጋው ጭማቂ ይፈስሳል። ጭማቂው ውስጥ በብዛት ከተገኘ ዓሣው አንድ ጊዜ በርዶ ቀልጧል ማለት ነው። ምርመራው ለጥሬ ሥጋ ብቻ ነው።

ናሙና ለመውሰድ የጥፍር ያህል ሥጋ ይበቃል። በ95 በመቶ አልኮል ተነክሮ በየራሱ ዕቃ ይቀመጣል፤ ቢላዋውም ከዓሣ ወደ ዓሣ ሲዛወር ይጸዳል፣ የአምባዛ ቅሪት በቆሮሶ ላይ ካረፈ ፒሲአር እርሱንም ያባዛዋልና። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚጎዳ ለዚህ ሥራ አይሆንም።