«በሰዓት 110 ጋሎን» ምንድን ነው? የነዳጅ ፓምፕ ቁጥር የሚናገረውና የማይናገረው

ስለ ፈጣን ጀልባ ነዳጅ ፓምፕ በተነሳ ቁጥር አንድ ምክር አይጠፋም፤ «የጋሎኑ ቁጥር ትልቅ የሆነውን ግዛ፣ ትርፍ አይጎዳም»። ይጎዳል። ቁጥሩም ብዙ ሰው የሚያስበውን አይደለም የሚናገረው።

ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ፍሰት ነው። ይህም የመውጫው አፍ ክፍት ሆኖ፣ ከፊቱ የሚቋቋመው ነገር ሳይኖር ፓምፑ በሰዓት የሚያፈሰው መጠን ነው። ቤንዚኑን እንዲህ የሚቀበል ሞተር የለም።

ቤቱ ሮቶ ያለው ሰው ይህን ከውኃ ዲናሞው ያውቀዋል። ዲናሞው ላይ የተለጠፈችው ሳህን ሁለት ቁጥር ትይዛለች፤ 40 ሊትር በደቂቃና 40 ሜትር እንበል። ዲናሞው ግን 40 ሊትሩን 40 ሜትር ላይ አያወጣም። 40 ሊትር የሚሰጠው ቱቦው ከመሬት ብዙም ሳይነሳ ነው፤ 40 ሜትር ላይ ሲደርስ ይጮሃል እንጂ ጠብታ አይወጣውም። አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ማወቅ የሚፈልገው በዚያ ከፍታ ስንት ሊትር እንደሚደርሰው ነው። በነዳጅ ፓምፕ ላይ ፎቁ ግፊት ነው።

ሆሊ የተባለውን አምራች ቀይ የኤሌክትሪክ ፓምፕ እንውሰድ። ነጻ ፍሰቱ በሰዓት 97 ጋሎን ነው፤ በ4 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ የግፊት መለኪያ) ግፊት 71 ይሆናል፤ 7 ፒኤስአይ ገደማ ላይ ወደ ፊት መሄዱን ያቆማል። ሰማያዊው 110 ተብሎ ይታወቃል፤ በ9 ፒኤስአይ 88 ነው። አምራቹ ሁለቱንም ጽፏል። ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ግን ትልቁ ብቻ ነው።

ሞተሩ ስንት እንደሚፈልግ ማስላት ከባድ አይደለም። 600 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ፣ ሱፐርቻርጀር (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው፣ 502 ኪዩቢክ ኢንች የሼቭሮሌ ቢግ ብሎክ ሞተር በሙሉ ጋዝ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ግማሽ ፓውንድ ገደማ ቤንዚን ይወስዳል። ድምሩ 300 ፓውንድ ነው። አንዱ ጋሎን 6.1 ፓውንድ ያህል ስለሚመዝን 49 ጋሎን ወይም 186 ሊትር ይሆናል። በዚህ ላይ 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 59 ጋሎን። ሱፐርቻርጀር ላለው ሞተር ግማሽ ፓውንዱን በ0.65 ተኩ። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ጋሎን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ካርቡሬተሩ አፍ ላይ 6 ፒኤስአይ እያለ፣ በ13.5 ቮልት፣ 59 ጋሎን የሚሰጠኝ የትኛው ነው?» በሉ። ኢንጀክሽን ከሆነ 43 ወይም 58 ፒኤስአይ ስለሚፈለግ፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ ፓምፖች እዚያ ፎቅ ጨርሶ አይደርሱም።

ሞተሩ በሙሉ ጋዝ የሚደክምበት አንድ የጀልባ ባለቤት ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ነቅሎ ጀሪካን ውስጥ ከትቶ ለካ፤ አንድ ጋሎን በ30 ሰከንድ ሞላ። «በሰዓት 120 ጋሎን ነው፣ ፓምፔ ጤነኛ ነው» ብሎ ችግሩን ካንዴላ ላይ መፈለግ ጀመረ። የለካው ግን ያንኑ ነጻ ፍሰት ነው። ዲናሞውን ግቢ ውስጥ ባልዲ ላይ ለክቶ፣ አራተኛ ፎቅ ውኃ ይደርሳል እንደማለት ነው። ደግሞም የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ሆድ ይተኛል። ቱቦ ነቅሎ እዚያ ውስጥ ማፍሰስ ፈጽሞ አይደረግም።

ትርፉ የሚጎዳው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ካርቡሬተሩ ነው፤ ግፊት የሚቀንስ ሬጉሌተር ከሌለ ወይም በትክክል ካልተስተካከለ ግፊቱ የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋውን መርፌ ከመቀመጫዋ ይገፋታል፣ ቤንዚኑም ይጥለቀለቃል። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ የመሳቢያው ወገን ማለትም ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ነው።

መኪና ላይ «ፓምፑን ታንኩ አጠገብ ዝቅ አድርገህ እሰር» ይባላል፤ ትክክል ነው፣ ፓምፕ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ይቀናዋል። የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ ደንብ ግን በጀልባ ውስጥ የተተከለ የቤንዚን ሞተር ፓምፕ ሞተሩ ላይ ወይም ከሞተሩ በ12 ኢንች ክልል ውስጥ እንዲሆን ያዛል። ዲናሞውን ሰገነት ላይ፣ ሮቶው ጎን አስቀምጦ ከታች እንደማስሳብ ነው። የምንስበውም ውኃ አይደለም፤ ሲሞቅና ሲሳብ በቀላሉ ወደ ተን የሚለወጥ ቤንዚን ነው። አሪዞና ውስጥ ሌክ ሃቫሱ ከተማ በ1994 53 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል፤ እንዲህ ባለ ሙቀት የታነቀ መሳቢያ ቤንዚኑን አረፋ ያደርገዋል።

ትርፉን ቤንዚን ወደ ታንኩ በሚመልስ መስመር በሚሠራ ሥርዓት በፓምፑ የሚያልፈው ሁሉ፣ ሞተሩ ያልተጠቀመበትም ጭምር፣ በመሳቢያው በኩል ይመጣል። በ59 ፋንታ 110 ጋሎን ሲሳብ በቱቦው ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ወደ ሦስት እጥፍ ተኩል ይጠጋል፤ የሚመለሰውም ቤንዚን ታንኩን ያሞቃል። ስለዚህ ለ600 የፈረስ ጉልበት የመሳቢያ ቱቦው የውስጥ ስፋት ቢያንስ ግማሽ ኢንች ይሁን። ታንኩ ላይ ያለው የፀረ ሲፎን ቫልቭ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ ሰፊ ተገቢ ቫልቭ ይተካ እንጂ አይነቀል፤ ቱቦ ሲቆረጥ ታንኩ ወደ ጀልባው ሆድ እንዳይፈስ የሚከለክለው እሱ ነው። ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶዎችን ቀንሱ። ውኃ ለዪው ፊልትሮም ለፍሰታችሁ የሚበቃ ይሁን። የመሳቢያ ማያያዣ ሲላላ አይንጠባጠብም፤ አየር ይስባል፣ ስለዚህ በዓይን አይታይም።

ሳልጠየቅ ጥቂት ልጨምር፤ የጀልባ ነገር ነውና። የመኪና ሜካኒካል ፓምፕ አትግጠሙ፤ ዲያፍራሙ ሲቀደድ ቤንዚኑን በጎኑ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይተፋል። ለባህር የተሠራው ፓምፕ ባለ ሁለት ዲያፍራም ነው፤ በጎኑ ያለችው ውስጧን የምታሳይ ቱቦ ውስጥ ቤንዚን ከታየ ፓምፑ ያን ቀን ይቀየር። የኤሌክትሪክ ፓምፑ ብልጭታ የማያወጣ፣ ኤስኤኢ ጄ1171 የተባለውን ደረጃ የሚያሟላ ይሁን፤ ቱቦው የጀልባ ቤንዚን ቱቦ ምልክት የሆነው ኤ1-15 የሚል ጽሑፍ ይኑረው። የጠረፍ ጥበቃው ደንብ ሞተሩ ሲነሳና ሲሠራ ካልሆነ ፓምፑ እንዳይሠራ ይላል፤ በካርቡሬተር ሞተር ላይ ይህን የሚፈጽመው በዘይት ግፊት ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝ ስዊች ነው። ኃይሉ ከባትሪ በፊውዝና በሪሌይ ይምጣ፤ በቀጭን ሽቦ 11.5 ቮልት የሚደርሰው ፓምፕ በወረቀቱ ላይ ያለውን አይሰጥም።

ልኬቱ በሦስት ነገር ነው፤ ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ የግፊት ጌጅ፣ ፓምፑ መግቢያ ላይ የቫኪዩም ጌጅ፣ ፓምፑ ጫፍ ላይ ቮልትሜትር። ሁሉም እየተነበቡ ጀልባው ጭነት ይዞ በሙሉ ጋዝ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይሂድ። ካርቡሬተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ቤንዚን ለጥቂት ሰከንድ ስለሚሸፍን አጭር ሩጫ ምንም አያሳይም። ግፊቱ ወርዶ ቫኪዩሙ ከ2 ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ) በግልጽ ካለፈ ችግሩ መሳቢያው ነው፣ በትልቅ ፓምፕ መቀየር ያባብሰዋል። ቫኪዩሙ ዝቅተኛ ሆኖ ቮልቱ ከወረደ ሽቦው ነው። ሁለቱም ደህና ሆነው ግፊቱ ብቻ ከወረደ የመውጫው ፊልትሮና ሬጉሌተሩ ይታዩ፤ እነሱም ነጻ ከሆኑ ያኔ ፓምፑ አንሷል።