ዳውን ሲንድረም ያለባቸው አዋቂዎች በጅማ፦ አስተሳሰብና የዕለት ኑሮ

ዳውን ሲንድረም ከፅንስ ጀምሮ የሚመጣ የዘረመል ሁኔታ ነው። ሰው በየሴሉ 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰውን የያዘ ክር፣ አለው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ግን በአብዛኛው 47 አላቸው፤ ትርፏ 21ኛዋ ናት። ከ100 ሰው 95ቱ ላይ ያለው ይህ ዓይነት ሲሆን፣ በቀሩት ላይ ትርፉ ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቆ ወይም በከፊል ሴሎች ላይ ብቻ ይገኛል። እርግማንም ሆነ እናት በእርግዝናዋ ያየችው ነገር አያመጣውም።

ምልክቶቹን የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1866። መንስኤው ደግሞ በ1959 ፓሪስ ላይ ታወቀ። ክብሩ ለረጅም ጊዜ የፈረንሳዊው ሐኪም የዤሮም ለዠን ብቻ ነበር። ባልደረባው ማርት ጎቲየ ግን የላቦራቶሪውን ሥራ የጀመርኩት እኔ ነኝ ብላ ተከራክራለች፤ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። በአሜሪካ በ1983 አማካይ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ነበር። ዛሬ 60 ደርሷል፤ የልብ ቀዶ ሕክምና ብዙ ለውጧል።

ስለ አእምሯቸው አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ብጠየቅ ይህን እላለሁ፦ የሚገባቸው ከሚናገሩት ይበልጣል። ከፊታቸው ስለነሱ ሲወራ ይገባቸዋል፣ ይከፋቸዋል። በጆሮ የገባን ነገር ይዞ መቆየት ይከብዳቸዋል፤ በዓይን ያዩትን ግን የተሻለ ይይዛሉ። «ሂድና ስኳር፣ ሳሙናና ክብሪት አምጣ፣ መልሱን እንዳትጥል» ተብሎ የተላከ ጎልማሳ ስኳሩን ብቻ ይዞ ቢመጣ ሰንፎ አይደለም። የሳሙናውን ልጣጭና ባዶውን የክብሪት ቀፎ አስይዙት፣ ነገሩ ይቀለዋል። ብርም እንደዚሁ ነው። ኖቱን በቀለሙ የለመደ ሰው በ2013 ዓ.ም. ብር ሲቀየር እንደ አዲስ መማር ነበረበት።

ለጅማ ልጅ ደግሞ ቡና ማፍላት ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል፣ ሲኒው ይደረደራል። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ በየቀኑም ይደጋገማል። ለእነዚህ ሰዎች የሚመቸው ይሄው ነው። ረከቦቱን ከመደርደር ይጀመር፣ እሳቱ ላይ ሰው አብሮ ይቁም፣ ከዚያ አንድ አንድ እርምጃ ይጨመር። ተቀምጦ «አንተ ተወው፣ እኔ ላድርግልህ» እየተባለ ያደገ ሰው 30 ዓመቱ ላይ ሲኒ ማጠብ ባይችል ጥፋቱ የክሮሞዞሟ ብቻ አይደለም። ጢም ያወጣን ሰው «ማሙሽ» ማለትም ከፍቅር ቢመጣም ያው ነው፤ በስሙ ጥሩት።

ጅማ ላይ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ መርካቶ ሲወጣ አማርኛ መናገር የተለመደ ነው። «አንዱን ቋንቋ ተዉለት፣ ይምታታበታል» የሚል መካሪ አይጠፋም። በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ይህን አይደግፉም። ብቻቸውን ማውራታቸውም ብዙዎቹ ላይ ያለ ነው። ውሎአቸውን የሚያስቡበት መንገድ ነው እንጂ ጂኒ አይደለም። ወሬው በድንገት ከበዛ ወይም ቁጣና ፍርሃት ከተቀላቀለበት ግን ሐኪም ይየው።

እዚህ ላይ ጅማ ዩኒቨርሲቲን ማንሳት ግድ ነው። በ1952 የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤትና በ1983 የተመሠረተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋህደው ነው የተቋቋመው፤ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። መለያው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው። ተማሪው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይቀርም፣ ቀበሌ ድረስ ወርዶ ቤት ያንኳኳል፤ በዚህ ዩኒቨርሲቲያችን ለሌሎች አርአያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆስፒታሉም የደቡብ ምዕራቡን ሕዝብ የሚያክም ትልቅ ሪፈራል ነው። ቤት የሚያንኳኳው ተማሪ «ሌላ ሰው አለ?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጨምር፣ ጓዳ ያለው አዋቂም ይታያል።

አዋቂው «ድሮ የሚያደርገውን ተወ» ከተባለ፣ ያው ዳውን ሲንድረሙ ነው ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ማነስ እነሱ ላይ በብዛት ይታያል። ሰውየው ይፈዛል፣ ይወፍራል፣ ይበርደዋል፤ ሰው ስንፍና ይለዋል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በኪኒን ይታከማል። ጆሮ በኩክ መደፈን፣ የዓይን ሞራ፣ በእንቅልፍ መሃል ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ድብርትም አሉ። መጀመሪያ እነዚህ ይታዩ።

አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ የሚጠረጠረው ከነዚህ በኋላ ነው። አሚሎይድ የሚባለውን ፕሮቲን የሚያስገኘው ጂን እዚያችው 21ኛዋ ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። ስለዚህ 40 ዓመት ሲሞላቸው የሁሉም ለማለት ይቻላል አንጎል ላይ የፕሮቲኑ ዝቃጭ ይገኛል፤ ምልክቱ ግን በብዛት 50ዎቹ ውስጥ ነው የሚወጣው። ብዙ ጊዜ ከመርሳት በፊት የጠባይ ለውጥ ይቀድማል። ተጫዋቹ ዝም ይላል፣ ሥርዓት ያለው ሰው ይዝረከረካል። ሐኪሙ የሚጠይቀው «ከድሮው ምን ተለወጠ?» ብሎ ነው። ለዚህ ሰውየው 35 ሳይሞላው ጫማውን ሲያስር፣ ቡናውን ሲያፈላና ሲያወራ በስልክ ቀርጾ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ቪዲዮው ላይ ቀኑ ይጻፍበት።