የሞርጌጁ (የቤት ብድሩ) ዕዳ ለምን አልቀነሰም?
አሜሪካ ቤት የገዙ ወዳጆቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላዛንፍ ከፍዬ ዕዳው እንዴት እዛው ቆመ? ወለዱ በየወሩ የሚሰላው በቀረው ዕዳ ላይ ስለሆነ፣ መጀመሪያ አካባቢ ክፍያውን የሚበላው እሱ ነው። 300,000 ዶላር በዓመት 6 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ብትበደሩ፣ ታክስና ኢንሹራንስ ሳይጨምር ወርሃዊው 1,799 ዶላር ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ክፍያ 1,500ው ወለድ ነው፤ ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 299 ብቻ! በ48 ዓመቱ የጀመረ ሰው ሲጨርስ 78 ይሆነዋል፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ከመጀመሪያው ጀምሮ በየወሩ 200 ዶላር ቢጨምር ግን ሰባት ዓመት ገደማ ቀድሞ ይጨርሳል። ስትጨምሩ «ለፕሪንሲፓል» (ለዋናው ብድር) መሆኑን ለባንኩ ግልጽ አድርጉ፤ አለዚያ ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ሊያዝ ይችላል። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ካለባችሁ መጀመሪያ እሱን ዝጉ፣ ወለዱ ብዙ ጊዜ ከቤቱ በጣም ይበልጣል።