ሕፃን ማለት በሕግ ምን ማለት ነው?

የአገራችንን አዋጆች ገልጦ ያነበበ ሰው ሁለተኛው አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ «ትርጓሜ» የሚል ርዕስ እንዳለው ያውቃል። «የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር» ብሎ ይጀምርና ቃላቱን አንድ በአንድ ይፈታል። ብዙዎቻችን ይህን ገጽ ዘለን ወደ መብቱና ወደ ቅጣቱ እንሄዳለን። ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ለማን እንደተጻፈ የሚናገረው እሱ ነው። አንዲት ልጅ በትርጓሜው ውስጥ ካልገባች ከኋላ ያሉት ሃምሳ አንቀጾች ለእሷ የሉም ማለት ነው።

በየዕለቱ ንግግራችን ሕፃን ስንል የሚታየን ጡት ያልጣለ፣ ቢበዛ ገና ወፌ ቆመች የሚባልለት ልጅ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ልጅ፣ ጎረምሳ፣ ኮረዳ እያልን በሌላ ስም እንጠራዋለን። ሕጉ ግን አሥራ ስምንተኛ ዓመቱን ለመሙላት አንድ ቀን የቀረውንም ሰው ሕፃን ይለዋል። በምኖርበት በከተማው ዳርቻ በነፃ የሕግ ምክር ስሰጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመኝ ክርክር ከዚህ ልዩነት የሚነሣ ነው። «ይህች ደግሞ ምኗ ሕፃን ነው? እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አዝላ፣ ቤት የምታስተዳድር!» ይሉኛል። እንጀራ መጋገሯ ዕድሜዋን እንደማይጨምረው ማስረዳት የሥራዬ ግማሹ ነው።

አሥራ ስምንት የሚለው ቁጥር በዋናነት የተደላደለው በሁለት ስምምነቶች ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 1 ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለን ሰው ሁሉ ሕፃን ይላል፤ የየአገሩ ሕግ ከዚያ በፊት አካለ መጠን ያደርሰው እንደሆነ ግን በር ይከፍታል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 10/1984 አጽድቃለች። ቆየት ብላ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ ያንን በር ዘግቶ ያለምንም ልዩነት አሥራ ስምንት ይላል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ሲዘረዝር ዕድሜ አልጠቀሰም፤ ነገር ግን በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 13 ደግሞ መብቶቹ ከእነዚህ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንደሚተረጎሙ ስለደነገገ መልሱ ከዚያ ይወሰዳል።

ይህ ቁጥር ግን ሁልጊዜ እንዲህ ጥብቅ አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 198 አካለ መጠን ያላደረሰ ሰው የሚለው ወንድም ሆነ ሴት አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላውን ነበር። እዚያው ሕግ ውስጥ በቁጥር 581 ግን ወንድ በአሥራ ስምንት፣ ሴት በአሥራ አምስት ዓመቷ ማግባት እንደምትችል ተጽፏል። ጋብቻ ደግሞ ከሞግዚት አስተዳደር ነፃ ያወጣል። ስለዚህ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የአባቷን ቤት መሸጥ አትችልም፤ ራሷ ግን ልትዳር ትችላለች፤ በተዳረች ማግሥት ሕጉ እንደ አዋቂ ይቆጥራታል። ከላይ የተሰጣትን ከለላ ከታች ያለው አንቀጽ ይወስደው ነበር። ትርጓሜ ማሻሻል ማለት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ያነበበ ሰው ምንም የሚሻሻል ነገር የለም ብሎ ያልፍ ነበርና።

ይህን ያረመው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ለሁለቱም ጾታ የጋብቻ ዕድሜን አሥራ ስምንት አደረገው። ሆኖም ከባድ ምክንያት ሲኖር የፍትሕ ሚኒስትሩ እስከ ሁለት ዓመት ዝቅ አድርጎ ሊፈቅድ የሚችልበትን ቀዳዳ ተወ። የአፍሪካው ቻርተር በአንቀጽ 21 ዝቅተኛው የጋብቻ ዕድሜ አሥራ ስምንት እንዲሆን ስለሚጠይቅ ይህ ቀዳዳ መደፈን አለበት ብዬ አምናለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ለሆናት ልጅ «ከባድ ምክንያት» የሚባለው ብዙ ጊዜ እርግዝና ነው፤ እርግዝናው ደግሞ ራሱ ሊመረመር የሚገባው ወንጀል ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የምንኖርበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው አንዱ ሕግ አልቆ ሌላው የሚጀምርበትን ቦታ በዓይኑ አያየውም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው ፌዴራሉ ያወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ከወሰኑ ማዶ፣ ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ውስጥ፣ የሚሠራው የኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው። በ2014 ዓ.ም. ወሰኑ ሲካለል ከአንዱ አስተዳደር ወደ ሌላው የተዛወሩ ሰፈሮች አሉ፤ ነዋሪው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ የሚዳኝበት የቤተሰብ ሕግ ተለወጠ። በጋብቻ ዕድሜ ረገድ ሁለቱም አሥራ ስምንት ስለሚሉ ችግሩ እዚህ አይከፋም። የሚከፋው ልጅቷ ከሩቅ ስትመጣ ነው። የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎች ነው፤ ክልሎችም ሁሉ በአንድ ጊዜ አላወጡም፤ የራሱን ባላወጣ ክልል ደግሞ የ1952ቱ ሕግ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጋር ይቆያል። የወንጀል ሕጉ በበኩሉ ለአገሪቱ በሙሉ አንድ ነው፤ ያለዕድሜ ጋብቻን የሚቀጣው አንቀጽ 648 ግን ወንጀሉን የሚለካው «አግባብ ካለው የቤተሰብ ሕግ» አንጻር ነው። አንዱ ሕግ ትርጓሜውን ከሌላው ስለሚበደር አበዳሪው ካልታደሰ ተበዳሪውም አብሮ ያረጃል።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ጎረቤቶቿ ይዘዋት የመጡ አንዲት ልጅ ነበረች። ሁለት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ተቀምጣለች። የእጆቿ ቆዳ በበረኪና ተልጦ በየጣቶቿ መጋጠሚያ ተሰንጥቋል፤ በግራ ክንዷ ላይ ደግሞ የማማሰያ እንጨት ምልክት ነበር። ሠራተኛ አገናኙ ደላላ ያስያዛት መታወቂያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይላል። እናትየዋ ከገጠር ተጠርተው ሲመጡ ዕድሜዋን ጠየቅናቸው፤ «ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው ልጄ፤ ለመስቀል ደመራው ሲለኮስ አራስ ነበርኩ» አሉ። መስከረም 2001 መሆኑ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ገና መሙላቱ ነበር ማለት ነው። ሥራ ስትጀምር አሥራ ሦስት።

አሥራ ስምንት የሚለው ቁጥር በወረቀት ላይ የሚቀረው ልደቱ ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በተከሰተ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት አብዛኞቹ የሚያቀርቡት የክርስትና ካርድ ወይም የእናት ቃል ነው። ያ ካላጠገበ ወደ ሐኪም ቤት ተልከው አጥንታቸው በራጅ ይታያል። ራጅ የልደት ቀን አይናገርም፤ ከዚህ እስከዚህ ይሆናል ብሎ ግምት ይሰጣል። ለእኛዋ ልጅ የተጻፈው ከ15 እስከ 17 የሚል ነበር።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ በሥራ ሕጉ ውስጥ ያላት ቦታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀድሞውን የአሥራ አራት ዓመት ወለል ወደ አሥራ አምስት ከፍ አድርጎታል፤ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እና በትርፍ ሰዓት እንዳይሠራ ይከለክላል። መልካም ማሻሻያ ነው። ነገር ግን አዋጁ ለማን እንደሚሠራ በሚወስነው አንቀጽ ላይ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን ከወሰኑ ያስወጣል፤ የቤት ሠራተኛ ውል ይህ ነው። የብረት ሥራ ቤት ውስጥ የሚበይድ ልጅ ተቆጣጣሪ ሊመጣለት ይችላል፤ ከጎኑ ባለው ግቢ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ እኩለ ሌሊት የምትተኛዋ የቀረላት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለቤት አገልጋዮች ያሰፈራቸው ጥቂት ቁጥሮች ናቸው። በእኔ ግምት በሕፃናት ጥበቃ ሕጋችን ውስጥ በአስቸኳይ መታደስ ያለበት ትርጓሜ «ሠራተኛ» የሚለው ነው፤ «ሕፃን» የሚለው ከእሱ በኋላ ይመጣል።

በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ተጎጂው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ከሆነ ለብዝበዛ መመልመሉ ወይም መጓጓዙ ይበቃል፤ ማስፈራራት ወይም ማታለል ነበር ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም። «ራሷ እሺ ብላ ነው የመጣችው» የሚለው የደላሎች መልስ በሕጉ ፊት ዋጋ የለውም።

ስለድብደባው ያለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ነው። ሕፃን በኃላፊነቱ ሥር ሆኖ ሳለ የሚያንገላታ፣ ችላ የሚል፣ ከዐቅም በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ ሰው ከሦስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት እንደሚቀጣ ይናገራል፤ የከፋ ጉዳት ካልደረሰ በቀር። ወዲያው ደግሞ ወላጅ ወይም ተመሳሳይ ኃላፊነት ያለው ሰው ለመልካም አስተዳደግ ብሎ ሕግ ሳይጥስ የሚወስደው የእርምት እርምጃ አያስቀጣም ይላል። እርምቱ የት አልቆ ማንገላታቱ የት እንደሚጀምር አልተተረጎመም፤ ችላ ማለት ምን እንደሆነም እንዲሁ። ሕገ መንግሥቱ አካላዊ ቅጣትን የከለከለው በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ነው፤ ቤት አልተጠቀሰም። አሠሪዋም የተከራከሩት በዚሁ ነበር፤ «እንደ ልጄ ነው ያየኋት፤ እንደ ልጄም ቀጣኋት» አሉ። እንደ ልጅ ከታየች ትምህርት ቤት ለምን አልሄደችም ተብለው ሲጠየቁ ዝም አሉ።

በወንጀል ተጠያቂ ስለሚሆኑ ሕፃናት ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የወንጀል ሕጉ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለን ልጅ አይጠይቅም፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለውን በልዩ እርምጃ ያያል፣ ከዚያ በላይ ያለውን በአዋቂ ሕግ እያቀለለ ይዳኛል። የኮንቬንሽኑ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች ይህን ወለል ቢያንስ ወደ አሥራ አራት እንዲያደርሱት መክሯል፤ የእኛ ዘጠኝ ዛሬም ዘጠኝ ነው።

የልጅቷ የሁለት ዓመት ደመወዝ የተከፈለው በሽማግሌ ነው፤ ልትጠይቅበት የምትችል የሥራ ክርክር ችሎት አልነበራትም። የድብደባው መዝገብ ፖሊስ ዘንድ ተከፍቶ ነበር። የልደት ምስክር ወረቀቷን እዚሁ እናውጣላት ብለን ስንጠይቅ ምዝገባው ወላጆቿ በሚኖሩበት ቀበሌ መሆን እንዳለበት ተነገረን። እናትየዋ የሐኪም ቤቱን ወረቀት አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና በማግሥቱ ንጋት ልጃቸውን ይዘው ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈሩ።