«እኖር ነበር» በስፓኒሽ
«በልጅነቴ ደብረ ማርቆስ እኖር ነበር» የሚል የጎጃም ሰው፣ ስፓኒሽ ባላለቀ ኃላፊ ጊዜ የሚገልጸውን አሳብ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ «ኖርኩ» ብሎ ድርጊቱን ከመዝጋት ይልቅ ቆይታውንና ልማዱን ያሳያልና። በ«አር» የሚያልቀው መደበኛ ግስ «አብላር»፣ ማለትም መናገር፣ ይህን መድረሻ ጥሎ፣ ከ«እኔ» እስከ «እነሱ» ድረስ፣ አብላባ፣ አብላባስ፣ አብላባ፣ አብላባሞስ፣ አብላባይስ፣ አብላባን እየተባለ ይረባል። በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት ደግሞ አንድ መድረሻ ስለሚጋሩ፣ «ኮሜር» (መብላት) ኮሚያ፣ «ቢቢር» (መኖር) ቢቢያ ይሆናሉ።

ተማሪን ይበልጥ የሚያደናግረው፣ በእኔ እምነት፣ «እኔ» እና «እሱ» አንድ ቅርጽ መያዛቸው ነው። አማርኛ «እኖር» እና «ይኖር» ብሎ በመነሻው ፊደል ሲለይ፣ «ቢቢያ» ለሁለቱም ስለሚያገለግል፣ ከዐውዱ ካልታወቀ «ዮ» (እኔ) ወይም «ኤል» (እሱ) መጨመር ያስፈልጋል። ከላይ ከታየው የአረባብ ሥርዓት የሚያፈነግጡት ግሶች «ሴር» (መሆን)፣ «ኢር» (መሄድ) እና «ቤር» (ማየት) ናቸው።