«ፕሮግረሲቭ ኢንሃንስመንት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንዱ «ለአሮጌ ስልክ ሌላ ቀለል ያለ ሳይት መሥራት ማለት ነው፤ ድካሙ ለማን ይበጃል?» ብሎ ሲያስረዳ አየሁ። ወንድሜ፣ ሁለት ሳይት መሥራትስ በእርግጥ ድካም ነው። ቃሉ ግን እሱን አይልም። የዌብ ባለሙያዎቹ ስቲቨን ሻምፒዮንና ኒክ ፊንክ በ2003 (በፈረንጆቹ) ስያሜውን ሲያወጡ ያሰቡት አንድ ሳይት ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚሠራ።

ጅማ ላይ የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ቋሚው ይተከላል፣ ይማገራል፣ ቆርቆሮው ይመታል፣ ጭቃው በጭድ ተቦክቶ ይመረጋል። ከዚያ ይገባበታል። ልስኑ፣ ቀለሙ፣ መብራቱ ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል። የገጹን ጽሑፍና ፎርም የሚይዘው ኤችቲኤምኤል ግድግዳና ጣራው ነው። መልኩን የሚያሳምረው ሲኤስኤስ ልስኑና ቀለሙ፣ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ ጃቫስክሪፕት ደግሞ መብራቱ። ቀለም ስላልተቀባ ቤቱ አያፈስም። መብራት ቢጠፋም ሻማ ለኩሰህ ታመሻለህ እንጂ ደጅ አታድርም። የዛሬ ሳይቶች ግን በራቸው ራሱ በመብራት ነው የሚከፈተው!

መርካቶ አንድ ሱቅ ቁጭ ብዬ አንዲት ተማሪ የምዝገባ ፎርም ሞልታ «ላክ» ስትጫን አየሁ። ዝም። ደግማ ተጫነች። ዝም። ብራውዘሯ ከ2019 ወዲህ አፕዴት አልተደረገም። ቤት ገብቼ ኮዱን ሳየው ጣጣው «?.» የምትባል ምልክት ናት፤ ብራውዘሮች ውስጥ የገባችው በ2020 ነው። ብራውዘር የማያውቀውን የኤችቲኤምኤል ታግ ወይም የሲኤስኤስ መስመር ዘሎ ያልፋል። ጃቫስክሪፕት ላይ ግን አንዲት ምልክት ካልገባችው ፋይሉን በሙሉ ይተወዋል። «ላክ» የምትለዋም እውነተኛ በተን አልነበረችም፤ በተን እንድትመስል የተቀባች ዲቭ ናት፤ ዲቭ ማለት በራሷ ምንም የማትሠራ ባዶ ሳጥን። ትክክለኛ ፎርምና በተን ቢሆን ኖሮ ያለ ጃቫስክሪፕትም ይሄድ ነበር።

ሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ይምሰል ያለም የለም። ያቺ ልጅ የፈለገችው መመዝገብ ነው፤ ጥላና አኒሜሽኑ ቢቀርባት ግድ የላትም።

የደኅንነት ነገር ግን ለብቻው ይታይ። ቲኤልኤስ 1.2ን (በብራውዘርና በሰርቨር መካከል የሚያልፈውን የሚያመሰጥረውን ስልት) የማያውቅ ብራውዘር ብዙ ሰርቨር ላይ ገና ከደጃፉ ይመለሳል፤ መመለስም አለበት። የሰው ይለፍ ቃል የሚያልፍበት መስመር ለአሮጌ ስልክ ተብሎ አይላላም። የአማርኛ ፎንት ስትጭኑም እስኪወርድ ድረስ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት እንዲታይ አድርጉ፤ ኔትወርክ ሲደክም ባዶ ገጽ ይዞ መጠበቅ ያማል።

«ቁጥሩን አይቻለሁ፣ በአሮጌ ብራውዘር የሚገባ የለም» ላልከው ደግሞ፦ ጎብኚ የሚቆጥርልህ መሣሪያ ራሱ ብዙ ጊዜ ጃቫስክሪፕት ነው። እነሱ ስልክ ላይ ካልሠራ ማን ይቆጥራቸዋል?