«ካልተፈተገ አይጸዳም» ያለው ማነው?

ባለሸራ ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ፣ ውሃ ላይ እያለች ሆዷን ስለማጽዳት የሚመክረው አያጣም። ሥራዬ ስለሆነ ስሰማው እውላለሁ። አንዳንዱ ግን አሁን መሮኛል።

«ቆማ የምትከርም ጀልባ አትቆሽሽም» ይላሉ። ይብስባታል እንጂ! አልጌም ባርናክል የተባለው ባለ ቅርፊት ተለጣፊ የባሕር እንስሳም ደህና አድርጎ የሚይዘው የማይነቃነቅ ነገር ላይ ነው።

«ዚንኩንም አብረህ ቀባው» ይላሉ፣ ከውሃው በታች የሚታሰረውን የብረት ቁራጭ። በፍጹም። ዚንኩ ራሱ እየተበላ ፕሮፔለሩን (እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋውን) የሚያድነው ውሃ ሲነካው ነው። ስታጸዳ እግረ መንገድህን እየው፤ ግማሹ ካለቀ ቀይረው።

የሚያናድደኝ ግን «በደንብ ካልተፈተገ አይጸዳም» የሚለው ነው። የሽቦ ብሩሽ ይዞ የሚገባ አለ። የብረት መፋቂያ የሚይዝም አለ። ወገን፣ ሆዷ ላይ ያለው ቀለም ለጌጥ አልተቀባም! አብዛኛው ውስጡ የመዳብ ኦክሳይድ አለው። መዳቡ ቀስ እያለ ውሃ ውስጥ እየሟሟ የሚለጠፈውን ያርቃል። እየተሸረሸረ እንዲያልቅ የተሠራውን ዓይነት ከፈተግከው፣ ለወራት የታሰበውን መከላከያ በአንድ ከሰዓት ጨረስከው ማለት ነው።

አንድ ደንበኛዬ «ራሴ ካጸዳኋት ወዲህ ጭራሽ ባሰባት» ብሎ ጠራኝ። ገብቼ ሳይ የኪሉ (ከሆዷ ሥር ወደ ታች የወረደው ክንፍ) ጠርዝና የመሪው ፊት ላይ ከቀለሙ ሥር ያለው ፕራይመር ብቅ ብሏል። ባርናክሎቹ የተሰለፉት መፋቂያው በሄደበት መስመር ነው። ቀለሙ ያልተነካበት ቦታ ላይ በእጅ የሚጠረግ ዝልግልግ ብቻ ነበር። ሰውየው እስከ ዛሬ የሚወቅሰው ቀለሙን ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ገና ዝልግልግ እያለ ቶሎ ቶሎ ግባ። ለስላሳ ስፖንጅ ወይም ቁራጭ ምንጣፍ ይበቃል። ባርናክል ካለ የፕላስቲክ መፋቂያ አጋድመህ ግፋው። ነጭ ክብ መሠረቱ ከቀረ ተወው፣ አትቆፍር። ብረቱን ቀለም ለሌለው ፕሮፔለር አስቀምጠው። ውሃው በቀለሙ መልክ ከደፈረሰ ደግሞ አቁም፤ ያኔ የምታወርደው ቀለሙን ነው።

«ትንሽ ቀለም ባሕር ምን ያደርገዋል?» የሚሉም አሉ። ቲቢቲ የተባለው የቆርቆሮ ውህድ ያለበት ቀለም ቀንድ አውጣዎችንና ኦይስተር የተባሉትን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳት ስለጎዳ፣ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ታግዷል። መዳቡም መርዝ ነው። ብዙ ወደቦች ውሃ ላይ ማጽዳትን የሚከለክሉት ወይም በፈቃድ የሚያደርጉት አለምክንያት አይደለም። መጀመሪያ ጠይቅ።

«ደጋግመህ በኃይል ከተነፈስክ ውሃ ውስጥ ትቆያለህ።» ይህ ገዳይ ምክር ነው። አየር አየር የሚያሰኝህ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። እሱን ቀድመህ ካራገፍከው ሳይታወቅህ ራስህን ትስታለህ።

«ዋና ከቻልክ ብቻህን ትወጣዋለህ» የሚለውም ያው ነው። ሞገድ ሲያነሳት ጀልባዋ አናትህ ላይ ትወርዳለች። ከዳርቻው ኤሌክትሪክ የሚሳብበት ወደብ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አትግባ። የራስህን ገመድ ብትነቅልም ኤሌክትሪኩ ከጎረቤት ጀልባ ሊመጣ ይችላል። በተለይ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ጡንቻ አደንዝዞ ያሰምጣል። ራቅ ብለህ መልህቅ ጣል፣ ጀልባዋ ላይ የሚጠብቅህ ሰው አቁም፣ የሞተሩን ቁልፍ ነቅለህ ግባ።